ኦፒቲ የሚጀምርበትን ቀን በምን ልምረጥ? ሌላም የጨነቀኝ ነገር አለ

የሜይ ተመራቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በኤፍ 1 የተማሪ ቪዛ ማስተርሴን እየጨረስኩ ነው። ትምህርቴ ፐብሊክ ሄልዝ ነው። ትምህርት ቤቱ የሰጠኝ አይ 20 የሚባለው ሰነድ ላይ ፕሮግራሙ የሚያልቀው ሜይ 15 ቀን 2026 ይላል። ኦፒቲ፣ ማለትም ከትምህርት በኋላ በተማርኩበት ሙያ 12 ወር የሚያሠራውን ፈቃድ፣ ማመልከት እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ኢንተርናሽናል ኦፊሱም መመሪያ ልኮልናል። መመሪያው ግን ምን እንደምሞላ እንጂ የቱ እንደሚሻለኝ አይነግረኝም። እኔን ያስጨነቀኝ ደግሞ እሱ ነው።

መጀመሪያ፣ የሥራ ፈቃዱ የሚጀምርበትን ቀን ራስሽ ምረጪ ይላል። በምን ልምረጥ? እስካሁን ሥራ አላገኘሁም። ኢንተርቪው ያደረግኩባቸው ቦታዎች አሉ፣ መልስ እየጠበቅኩ ነው። ጓደኞቼ ግማሾቹ ቶሎ ይጀምርልሽ ይሉኛል፣ ግማሾቹ የመጨረሻውን ቀን ያዢ ይሉኛል። ሁሉም እርግጠኛ ሆነው ነው የሚያወሩት።

ሌላው፣ አሁን ግቢ ውስጥ ከአንድ ፕሮፌሰር ጋር በሰዓት እየተከፈለኝ ዳታ እሠራለሁ። ሰመርም ቀጥዪ ብሎኛል። የሥራ ፈቃድ ካርዱ እስኪመጣ እዚያው መቀጠል እችላለሁ? የቤት ኪራይ ስላለብኝ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ማመልከቻው ቶሎ እንዲታይ ለፈጣኑ አገልግሎት መክፈልስ ያዋጣል?

በመጨረሻ ደግሞ፣ እናቴን ካየኋት ቆየሁ። ትምህርቱ እንዳለቀ ሄጄ ልያት ብዬ አስቤ ነበር። ሰው ሁሉ እንዳትሞክሪው ይለኛል፣ ለምን እንደሆነ ግን ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ የለም። ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ።

ቀን ቆጣሪ፦

እንኳን ለዚህ አበቃሽ እህቴ። ቀኖቹን አንድ በአንድ ላስቀምጥልሽ፣ እነሱ ከገቡሽ የቀረው ይቀላል።

ሁሉም ነገር የሚቆጠረው አይ 20ሽ ላይ ካለው ሜይ 15 ነው። የምርቃቱ ቀን፣ ዲፕሎማው የሚመጣበት ቀን፣ ውጤት የሚለቀቅበት ቀን ምንም ለውጥ አያመጣም። ማመልከቻው፣ አይ 765 የሚባለው ቅጽ፣ የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚያየው መሥሪያ ቤት፣ ዩኤስሲአይኤስ፣ ጋ ከሜይ 15 በፊት 90 ቀን ሲቀረው ጀምሮ መግባት ይችላል። ያ ማለት ከፌብሩዋሪ 14 ጀምሮ። መዝጊያው ከሜይ 15 በኋላ 60ኛው ቀን ነው፣ ጁላይ 14። ከዚያ ካለፈ በዚህ ዲግሪ ኦፒቲ የሚባል ነገር አለቀ፣ ይቅርታ ብሎ የሚቀበልሽ የለም። ስታመለክቺ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ መሆን አለብሽ።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ መጣ። ከማመልከትሽ በፊት ዲኤስኦሽ (ኢንተርናሽናል ኦፊሱ ውስጥ ጉዳይሽን የሚይዘው ሰው) ሴቪስ በሚባለው የመንግሥት የተማሪዎች መዝገብ ውስጥ ገብቶ ኦፒቲ ይፈቀድላት ብሎ መመዝገብና አዲስ አይ 20 መስጠት አለበት። አዲሱ አይ 20 ሁለተኛው ገጽ ላይ የጠየቅሽው የኦፒቲ ጊዜ ከነመነሻውና ከነማብቂያው ተጽፎ ታይዋለሽ። ያንን ካላየሽ አሮጌውን ነው የያዝሽው። ዲኤስኦው ከመዘገበበት ቀን ጀምሮ ማመልከቻሽ በ30 ቀን ውስጥ ዩኤስሲአይኤስ ጋ መድረስ አለበት። አዲሱን አይ 20 ተቀብለው፣ ፈተናና ቲሲስ ይዟቸው "በኋላ እሞላዋለሁ" ያሉ ሰዎች 30ው ቀን አልፎባቸው ተከልክለዋል። የተከፈለው ገንዘብም አይመለስም። በተቃራኒው ደግሞ ቸኩለው አዲሱ አይ 20 ሳይወጣ የላኩ አሉ፣ እሱም ያስከለክላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ፣ ፎቶውን፣ ፓስፖርቱን፣ የመግቢያ መዝገብሽን አይ 94ቱን፣ የድሮ የሥራ ፈቃድ ካርድ ካለም እሱን አዘጋጅተሽ ጨርሺ፣ ከዚያ አይ 20ውን ጠይቂ፣ አይ 20ው በወጣ ሳምንት ውስጥ ላኪ። አይ 20ው ላይ መፈረምሽን እንዳትረሺ።

ኦንላይን ላኪው። ክፍያው ኦንላይን 470 ዶላር ነው፣ በወረቀት ከሆነ 520። ከዋጋው በላይ ጥቅሙ ማመልከቻውን መቀበላቸውን የሚያሳየው ሬሲት ወዲያው መምጣቱ ነው። የማመልከቻ ዓይነቱን ስትመርጪ ሲ 3 ቢ የሚለውን ነው። ሲ 3 ኤ ከምርቃት በፊት ለሚሠሩ ነው፣ ሲ 3 ሲ ለስቴም (ለሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ሒሳብ ትምህርቶች) ማራዘሚያ ነው። ሦስቱ ተከታትለው ስለሚመጡ ዓይን ይሳሳታል። እዚያው ቅጽ ላይ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ከሌለሽ ይሰጠኝ ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ። አንቺ ግቢ ውስጥ ስለምትሠሪ ይኖርሻል መሰለኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ትምህርቱ ሳያልቅ እንደ ትምህርቱ አካል በሚሠራበት ፈቃድ፣ በሲፒቲ፣ ሙሉ ጊዜ ሠርተሽ ታውቂያለሽ? በዚሁ ማስተርስ 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ሙሉ ጊዜ ከሆነ ኦፒቲውን ያሳጣል። በሳምንት 20 ሰዓትና ከዚያ በታች የተሠራ ከሆነ ግን ችግር የለውም።

ስለ መጀመሪያ ቀኑ፣ የኔ ሐሳብ ግልጽ ነው። ሥራ ካልያዝሽ የመጨረሻውን ቀን ያዢ። ኦፒቲሽ ከሜይ 16 እስከ ጁላይ 14 ባለው በየትኛውም ቀን መጀመር ይችላል። ከተጀመረ በኋላ ሥራ ሳትይዢ መቆየት የምትችይው በድምሩ 90 ቀን ብቻ ነው፣ ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራሉ። ሜይ 16 ካልሽ 90ው ቀን ኦገስት 13 ላይ ያልቃል። ጁላይ 14 ካልሽ ኦክቶበር 11 ላይ። ሁለት ወር ገደማ ማለት ነው ልዩነቱ፣ ሥራ ለሚፈልግ ሰው ሁለት ወር ቀላል አይደለም።

ነርሷ፦

ቀን ቆጣሪ የጻፈው ሁሉ ልክ ነው፣ በመጨረሻው ነገር ላይ ግን አልስማማም። ወይም ግማሹን ብቻ ነው የምስማማው።

የመጨረሻውን ቀን ያዢ የሚለው ምክር ምንም ፍንጭ ለሌለው ሰው ይሠራል። አንቺ ግን ኢንተርቪው አድርገሻል። እነዚያ ሰዎች ኤፕሪል መጨረሻ ደውለው "ጁን 1 ጀምሪልን" ቢሉሽስ? ካርዱ ላይ ጁላይ 14 ከተጻፈ ጁላይ 13 እንኳ መሥራት አትችይም። በነጻም ቢሆን፣ ሥልጠናም ቢሉት፣ "ለአንድ ሳምንት ብቻ ኦሪየንቴሽን" ቢሉትም አይቻልም። ካርዱ ከታተመ በኋላ ደግሞ ቀኑን ቀይሩልኝ ማለት የለም። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ይጠብቃል፣ አንዳንዱ አይጠብቅም። በተለይ በግራንት፣ ማለትም በፕሮጀክት ድጋፍ ገንዘብ፣ የሚቀጥሩ ቦታዎች የበጀት ዓመታቸው ብዙ ጊዜ ጁላይ 1 ላይ ስለሚጀምር ሰው ከዚያ በፊት ገብቶ እንዲለምድ ይፈልጋሉ።

እና የኪራዩን ነገር አስቢው። ስለ ግቢው ሥራ ስለጠየቅሽ ልመልስልሽ፣ ከባድ ቢሆንም። ከሜይ 15 በኋላ ግቢ ውስጥ መሥራት አትችይም። ግቢ ውስጥ የመሥራት መብትሽ የተማሪነትሽ አካል ነው፣ ፕሮግራሙ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ፕሮፌሰሩ ይህንን ላያውቅ ይችላል፣ ብዙዎቹ አያውቁም፣ ቅን ሆነው ነው ቀጥዪ የሚሉት። ደመወዝ የሚከፍለው ክፍል፣ ፔይሮሉም፣ ላያቆመው ይችላል። ጥፋቱ ግን የሚጻፈው በአንቺ ስም ነው፣ ያለፈቃድ መሥራት ደግሞ ወደፊት በምትሞዪው ቅጽ ሁሉ የሚከተልሽ ነገር ነው። ኦፒቲው ከጀመረ በኋላ ግን ከዚያው ፕሮፌሰር ጋር መሥራት ትችያለሽ፣ ሥራው ከትምህርትሽ ጋር ስለሚገናኝ ይቆጠርልሻል።

ስለዚህ እኔ ብሆን ፕሮፌሰሩን ዛሬ ነገ ሳልል እጠይቀው ነበር። "ከጁን መጀመሪያ ጀምሮ በሳምንት 20 ሰዓት በደብዳቤ ልትቀጥረኝ ትችላለህ?" ብለሽ። አዎ ካለ፣ ሥራ አለሽ ማለት ነው፣ ቀንሽን ጁን መጀመሪያ አድርጊው። የ90 ቀኑ ቆጠራ አይነካሽም፣ ኪራይም ትከፍያለሽ፣ ሌላ ሥራም እየሠራሽ ትፈልጊያለሽ። ኦፒቲ ላይ አሠሪ መቀየር ይፈቀዳል። አይ ካለ ደግሞ ወደ ቀን ቆጣሪ ምክር ትመለሻለሽ።

ቀን ቆጣሪ፦

ይሄ የተሻለ ነው፣ እቀበላለሁ። የፕሮፌሰሩን ነገር እንደ ሥራ አላሰብኩትም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ቀኑን ጁን መጀመሪያ ካደረግሽው ማመልከቻው ከአሁኑ መግባት አለበት። ዩኤስሲአይኤስ ከጠየቅሽው ቀን በኋላ ካጸደቀው ኦፒቲው የሚጀምረው ከጸደቀበት ቀን ነው፣ በመሃል ያለው ጊዜ ሥራ የማትሠሪበት ሆኖ ያልፋል። በጣም ከዘገየ ደግሞ ከ12 ወሩ ላይ ሊቆረጥ ይችላል፣ ምክንያቱም ኦፒቲ ፕሮግራሙ ካለቀ በ14 ወር ውስጥ ማለቅ አለበት። ለአንቺ ያ ጁላይ 2027 አጋማሽ ነው።

ፈጣኑ አገልግሎትም የሚነሳው እዚህ ጋ ነው። ከማርች 2026 ጀምሮ 1,780 ዶላር ነው፣ ከ470ው በላይ። የሚገዛልሽ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጡሽ ነው። መልሱ ግን "ተጨማሪ ሰነድ አምጪ" ሊሆንም ይችላል፣ ያኔ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። በጊዜ ካመለከትሽ እኔ አልከፍልም ነበር። መጀመሪያ በመደበኛው ገብተሽ፣ ሥራ ተገኝቶ የመግቢያ ቀን ተቆርጦ ካርዱ ከቀረ፣ ያኔ ፈጣኑን በኋላ መጨመር ይቻላል። አንዳንድ አሠሪ ራሱ ይከፍለዋል፣ ጠይቂ።

የሜይ ተመራቂ፦

አላህ ይስጣችሁ፣ ዛሬ ብቻ ከወራት የበለጠ ገባኝ። የግቢው ሥራ ነገር ግን አስደነገጠኝ። ቢሮው በላከው መመሪያ ውስጥ ተመልሼ ስፈልገው አንድ መስመር ላይ አለ፣ ሌላ ነገር መሃል ተወሽቆ። ፕሮፌሰሩን ነገ አናግረዋለሁ።

ሙሉ ጊዜ ሲፒቲ አልሠራሁም፣ አንድ ሰመር ብቻ ነው ልምምድ የወጣሁት። ሶሻልም አለኝ። ግን አዲስ ጥያቄ መጣብኝ። ፕሮፌሰሩ የሚከፍለው ከሌለው በነጻም ልሥራ ማለት ይቻላል? ሌላው የኔ ትምህርት ስቴም ነው አይደለም? አንዷ ክላስሜቴ የሷ ነው ትላለች፣ የምንማረው ግን አንድ ዲፓርትመንት ነው።

ዝም ብዬ አንባቢ፦

የስቴሙን እኔ ልመልስ። አይ 20ሽ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከሜጀርሽ ስም ጎን ስድስት አሃዝ ያለው ቁጥር አለ። ሲአይፒ ኮድ ይባላል። ወሳኙ እሱ ነው፣ የዲፓርትመንቱ ስም አይደለም። ጠቅላላ ፐብሊክ ሄልዝ ብዙ ጊዜ 51.2201 ነው የሚሰጠው፣ እሱ ስቴም ዝርዝር ውስጥ የለም። ኤፒዲሚዮሎጂ 26.1309 ነው፣ እሱ አለበት፤ በ26 የሚጀምሩት ሁሉ አሉበት። ክላስሜትሽ ኤፒዲሚዮሎጂ ላይ ተመዝግባ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ስቴም የሆነ ሰው ከ12 ወሩ በኋላ 24 ወር ይጨመርለታል። አሠሪው ግን ኢ ቬሪፋይ የሚባለው የሠራተኛን የሥራ ፈቃድ ማረጋገጫ ሲስተም ውስጥ የተመዘገበ መሆን አለበት፣ አይ 983 የሚባል የሥልጠና እቅድም አብራችሁ ትፈርማላችሁ። ማመልከቻውም የመጀመሪያው ካርድ ሳያልቅ ነው የሚገባው። በጊዜ ከገባ መልስ እስኪመጣ እስከ 180 ቀን እየሠሩ መጠበቅ ይቻላል።

ይሄን ለሌሎች አንባቢዎችም ልበል። የአሁኑ ዲግሪያችሁ ስቴም ባይሆንም አሜሪካ ውስጥ ቀደም ብላችሁ የያዛችሁት የስቴም ዲግሪ ካለ፣ ከ10 ዓመት ያልበለጠ ከሆነና ለሥራው የሚገባ ከሆነ፣ በእሱ ማራዘሚያውን መጠየቅ ይቻላል። ስንት ሰው ሳያውቀው አገር ለቆ ሄዷል።

ነርሷ፦

በነጻ ስለመሥራት፣ በመጀመሪያው 12 ወር ኦፒቲ ላይ ይቻላል። በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት ከሆነ፣ ከትምህርትሽ ጋር ከተገናኘና የሥራ ሕግ የማይጥስ ከሆነ የ90 ቀኑን ቆጠራ ያቆመዋል። ስቴም ማራዘሚያ ላይ ግን በነጻ አይቻልም። ዋናው ነገር ማስረጃ ነው። ከፕሮፌሰሩ ደብዳቤ ያዢ፣ መቼ እንደጀመርሽ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ምን እንደምትሠሪ፣ ከኮርሶችሽ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ የሚል። ዛሬ ማንም አይጠይቅሽም። ከዓመታት በኋላ የኢሚግሬሽን ወረቀት ስትቀይሪ ግን ሊጠየቅ ይችላል፣ ያኔ ፕሮፌሰሩ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ይሆናል።

ካርዱ ሲመጣ ከሴቭፕ ፖርታል፣ ኦፒቲ ላይ ያለ ሰው መረጃውን ከሚሞላበት የመንግሥት ድረ ገጽ፣ ኢሜይል ይላክልሻል፣ አካውንት ከፍተሽ አሠሪሽን ራስሽ ትሞያለሽ። ይሄ ኢሜይል ማስታወቂያ መስሎ ስፓም ውስጥ ይገባል። ሥራ ይዘሽ ፖርታሉ ላይ ካልሞላሽ ሲስተሙ የሚያውቅሽ ሥራ እንደሌላት ነው፣ ቀኑም ይቆጥራል። አድራሻም፣ አሠሪም ስትቀይሪ በ10 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ማመልከቻው ላይ የምትሰጪው አድራሻም እስከ ሰመር የማይቀየር ይሁን። ሜይ ላይ ዶርም የምትለቂ ከሆነ የምታምኚውን ሰው አድራሻ ስጪ፣ ካርዱን የፖስታ ቤት ሠራተኛው ወደ አዲሱ ቤት ያዞርልኛል ብለሽ አትተማመኚ። ቤት ከቀየርሽ ለዩኤስሲአይኤስም ለብቻው ማሳወቅ አለብሽ፣ ለትምህርት ቤቱ መንገር ለእነሱ መንገር አይሆንም።

ፔይሮል የምሠራ፦

እኔ ሌላ ነገር ይዤ መጣሁ፣ ማንም ስለማያወራው። ሥራ ስትጀምሪ የመጀመሪያውን የደመወዝ ወረቀትሽን አውጥተሽ እይ። ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ፣ 6.2 በመቶና 1.45 በመቶ፣ አንድ ላይ 7.65። ኤፍ 1 ላይ ያለ ሰው ለመጀመሪያዎቹ 5 የካላንደር ዓመታት ለግብር ጉዳይ ነዋሪ ስላልሆነ እነዚህን አይከፍልም። ኦፒቲም ኤፍ 1 ነው። የመጣሽው ኦገስት 2024 ከሆነ 2024 ራሱ አንድ ዓመት ተብሎ ይቆጠራል፣ ስለዚህ እስከ 2028 መጨረሻ ነፃ ነሽ። በዓመት 60,000 ዶላር ለሚከፈለው ሰው 4,590 ዶላር ነው። ሁለትና ሦስት ወር ኪራይ ማለት ነው ይሄ።

ትናንሽ መሥሪያ ቤቶች ይህን አያውቁም፣ ሶፍትዌራቸው ለሁሉም ሰው ይቆርጣል። መብትሽን ስትጠይቂ እንዳታፍሪ። ለፔይሮል በኢሜይል "እኔ ኤፍ 1 ላይ ነኝ፣ ለግብር ነዋሪ አይደለሁም፣ ከእነዚህ ሁለቱ ነፃ ነኝ" ብለሽ ጻፊ፣ የተቆረጠውንም መልሱልኝ በይ። መጀመሪያ ከአሠሪው ነው የሚጠየቀው፣ እነሱ ካልመለሱ የግብር መሥሪያ ቤቱን፣ አይአርኤስን፣ 843 በሚባለው ቅጽ ትጠይቂያለሽ። የፌዴራልና የስቴት ገቢ ግብር ግን እንደማንኛውም ሰው ትከፍያለሽ፣ እሱ ሌላ ነው።

ሥራ ስታመለክቺ ሁለት ጥያቄ ይመጣልሻል። አሁን አሜሪካ ውስጥ መሥራት ትችያለሽ? አዎ። ወደፊት ስፖንሰር (ቪዛ የሚጠይቅልሽ አሠሪ) ያስፈልግሻል? አዎ። ሁለተኛውን አይ በይው የሚሉሽ ይኖራሉ፣ አትስሚያቸው። የገባሽበት መሥሪያ ቤት በኋላ ነገሩ ሲገባው ያለሽን መተማመን ያጣል፣ ስፖንሰር አድርጉኝ የምትይውም እነዚያኑ ሰዎች ነው።

ዝም ብዬ አንባቢ፦

ስፖንሰር ካነሳችሁ አይቀር፣ ፐብሊክ ሄልዝ የተማረ ሰው ትልቅ ዕድል አለው፣ ብዙዎቹ አይጠቀሙበትም። ኤች ዋን ቢን፣ አሠሪ የሚጠይቅልሽን የሥራ ቪዛ፣ ሎተሪ ውስጥ የሚያስገባው ኮታ ዩኒቨርሲቲዎችን፣ ከዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዙ ለትርፍ ያልቆሙ ተቋማትን፣ ለትርፍ ያልቆሙ የምርምር ድርጅቶችንና የመንግሥት የምርምር ተቋማትን አይመለከትም። ማስተማሪያ ሆስፒታሎች ብዙዎቹ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። እነዚህ ቦታዎች በማንኛውም ወር ማመልከት ይችላሉ፣ ማርች ላይ ሎተሪ የለ፣ ኦክቶበር መጠበቅ የለ። ስቴም ላልሆነ ሰው 12 ወር ብቻ ስለሆነ ያለው፣ ኮታ ባለበት የግል ድርጅት ከገባሽ ምናልባት አንዴ ብቻ ነው ሎተሪ የሚደርስሽ። ስለዚህ ሥራ ስትፈልጊ ደመወዙን ብቻ አትዪ። የፕሮፌሰርሽ የምርምር ላብም እኮ ከነዚህ አንዱ ነው።

የሜይ ተመራቂ፦

ስለ ኮታው የሰማሁት ዛሬ ነው። የምጠብቀው መልስ አንዱ ከዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው፣ ሌላው ከግል ኩባንያ። የግሉ የተሻለ ይከፍላል፣ ልቤ ወደዚያ ነበር። እንደገና ማሰብ አለብኝ።

የእናቴን ነገርስ? ማንም አልነካውም። ዝምታችሁ ራሱ መልስ መሰለኝ።

ነርሷ፦

አልረሳሁትም የኔ እህት፣ ሌላው ይለቅ ብዬ ነው። በደንብ ላስረዳሽ፣ ከዚያ ራስሽ ወስኚ።

መውጣት አይከለከልም። ጥያቄው መመለሱ ነው፣ ለመመለስ የሚያስፈልግሽ ደግሞ እንደምትሄጂበት ጊዜ ይለያያል። ከሜይ 15 በፊት፣ ተማሪ ሆነሽ ሳለሽ፣ ለምሳሌ በስፕሪንግ ብሬክ ብትሄጂ፣ አይ 20ሽ ላይ የጉዞ ፊርማ ካለና ቪዛሽ የሚሠራ ከሆነ እንደማንኛውም ተማሪ ትመለሻለሽ። ከሜይ 15 በኋላ ማመልከቻው ሳይጸድቅ ብትሄጂ በሬሲቱ መመለስ ይቻላል ይባላል፣ ግን አንቺ ውጭ ሳለሽ ተጨማሪ ሰነድ ቢጠይቁሽ ወይም ካርዱ ወጥቶ አንድ ቦታ ቢቀር ማን ይከታተልልሻል? ከጸደቀ በኋላ ሥራ ሳትይዢ መውጣት ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። ካርዱ ኖሮሽ ሥራ ከሌለሽ መግቢያ ላይ እንዳትገቢ ልትከለከይ ትችያለሽ፣ ኦፒቲውም እዚያው ያልቃል። ውጭ የቆየሽበት ቀን ራሱ ከ90ው ላይ ይቆጠራል። ደህናው ጊዜ ካርዱም ሥራውም ካለሽ በኋላ ነው። ያኔ ካርዱን፣ የአሠሪ ደብዳቤ፣ 6 ወር ያልሞላው የጉዞ ፊርማ ያለበት አይ 20፣ የሚሠራ ቪዛና ፓስፖርት ይዘሽ ትሄጃለሽ።

አሁን ቪዛሽን አውጥተሽ እይው። ከጁላይ 2025 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የተማሪ ቪዛ አንዴ መግቢያ፣ ለ3 ወር የሚያገለግል ነው። ከዚያ በፊት የወሰድሽው ከሆነ ማብቂያ ቀኑንና ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ ያሳይሻል። ካለቀ፣ ለመመለስ ኤምባሲ ገብተሽ አዲስ ቪዛ መውሰድ አለብሽ። ቆንስላው ትምህርቱን ለጨረሰና ሥራ ላይ ላለ ሰው "ለምን ወደ አሜሪካ ትመለሳለህ" ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ የተማሪ ቪዛ ደግሞ ወደ አገሬ እመለሳለሁ ላለ ሰው የሚሰጥ ነው። ያልፋሉ የሚያልፉት። ሳያልፉ ቀርተው ሥራቸውም፣ ቤታቸውም፣ ዕቃቸውም እዚህ የቀረባቸውም አሉ። ሰው ሁሉ እንዳትሞክሪው የሚልሽ ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። በሴፕቴምበር 2025 የወጣው የ100,000 ዶላር የኤች ዋን ቢ ክፍያ እዚህ አገር ውስጥ ሆነው ስታተስ የሚቀይሩትን እንደማይመለከት ዩኤስሲአይኤስ በኦክቶበር 2025 አብራርቷል። ውጭ ሆኖ የሚጠየቅለትን ሰው ግን ይመለከታል። አሠሪ ሊያመለክትልሽ ባለበት ጊዜ ውጭ መሆን አትፈልጊም።

ቪዛሽ ገና የሚሠራ ከሆነ እኔ ከሜይ 15 በፊት ሂጂ ነው የምልሽ፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን። ካመለከትሽ በኋላም ቢሆን ፕሮግራሙ እስካላለቀ ድረስ ተማሪ ነሽ። ቪዛሽ ካለቀ ግን፣ እናትሽ መጓዝ የሚችሉ ከሆነ እሳቸው ለምርቃቱ እንዲመጡ ከአሁኑ ብትሞክሩ ይሻላል። ትምህርት ቤቱ የምርቃት ግብዣ ደብዳቤ ይሰጣል፣ ዋስትና ባይሆንም ለቃለ መጠይቁ ይጠቅማል። የቀጠሮው ወረፋ ረጅም ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ተያያዙት።

የሜይ ተመራቂ፦

ቪዛዬን አየሁት። በ2024 የወሰድኩት ነው፣ ግን ሰመር ሳይደርስ ያልቃል። ስለዚህ ከሜይ በኋላ መሄዱ ቀረ። እናቴ ጋ ደውዬ ነገርኳት፣ አንዴ ዝም አለችና "እኔ ልምጣ እንጂ አንቺማ እንዳትንቀሳቀሺ" አለችኝ። ደብዳቤውን ከሰኞ በፊት እጠይቃለሁ።

ፕሮፌሰሩንም አናገርኩት። ሜይ 15 ላይ ማቆም እንዳለብኝ ጭራሽ አያውቅም ነበር። ለጁን 8 በሳምንት 20 ሰዓት የሚል ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ ብሎኛል፣ ግራንቱ እስከ ዲሴምበር ስላለው። ዲኤስኦዋ ጋ ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፣ ሰነዶቼን ዛሬ ማታ እጨርሳለሁ። ቀኔን ጁን 8 ላድርገው ነው፣ ትስማማላችሁ?

ቀን ቆጣሪ፦

አድርጊው። ሐሙስ ስትሄጂ ዲኤስኦዋን አንድ ነገር ጠይቂያት፣ የመጨረሻ ፕሮጀክትሽ፣ ካፕስቶንሽ፣ ቢዘገይ የፕሮግራም ማብቂያ ቀንሽ ሊገፋ ይችላል ወይ ብለሽ። ካመለከትሽ በኋላ ያ ቀን ከተነካ ነገሩ ይወሳሰባል፣ ስለዚህ ሜይ 15 እርግጥ መሆኑን ሳታረጋግጪ አታስገቢ። አይ 20ው እንደወጣ ሁለተኛውን ገጽ እዚያው ቢሮ ቆመሽ አንብቢው፣ ጁን 8 2026 እስከ ጁን 7 2027 ማለት አለበት። ሬሲቱ ሲመጣ ጻፊልን።